ግዳይና ቋንጣ

በአማርኛ "ጉማሬ" ብለን የምንጠራው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ቀኑን በጣና ውኃ ውስጥ ተኝቶ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ የሚያደርገው፣ ሲመሽ ደግሞ ወደ ዳር ወጥቶ ሣርም እህልም የሚግጠው ግዙፍ አውሬ ነው። ሁለተኛው ከዚሁ አውሬ ቆዳ የተቆረጠው አለንጋ ነው፤ "በጉማሬ ገረፉት" ሲባል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ያ አለንጋ ከሹም እጅ አይለይም ነበር። ከዚያው ቆዳ የተሠራው ጋሻም በጦረኛ ክንድ ላይ ሆኖ ሰልፍ ይወጣ ነበር። ቆዳው እንዲገኝ ግን አንድ ሰው ታንኳ ላይ ቆሞ ጉማሬውን መውጋት፣ ጎትቶ ዳር ማውጣት፣ መግፈፍና ወጥሮ ማድረቅ ነበረበት። ይህ ሰው ከሹሙም ሆነ ከጦረኛው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ እሱ በጠጣበት ዋንጫ ሌላው አይጠጣም። የእጁ ሥራ ቤተ መንግሥት ሲገባ እሱ ራሱ የጎረቤቱን ደጃፍ አያልፍም ነበር።

የአገራችን የአደን ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው የገዳዩ ታሪክ ነው፤ ዝሆን የጣለው፣ አንበሳ የገደለው፣ ጎፈር ደፍቶ የፎከረው ሰው ታሪክ። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ አደን ነበር። እሱ ለስም ሳይሆን ለጉሮሮ የሚታደን፣ በፉከራ ሳይሆን በቋንጣ የሚያልቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳናይ የአደንን ታሪክ ጻፍን ማለት አይቻልም። እኔ እዚህ የምከራከረው አንድ ነገር ይዤ ነው፤ አንዱን አደን ያከበረው ሌላውን ያዋረደው አውሬውም፣ የአዳኙ ድፍረትም፣ ሃይማኖት ብቻውንም አይደለም። የክብሩና የውርደቱ ሥር መሬት ነው። መሬት ያለው ሰው ለስሙ ያድናል፣ መሬት የሌለው ለሆዱ ያድናል፤ "ርኩስ ሥጋ ይበላል" የሚለው ወቀሳ ደግሞ ለዚህ ልዩነት የተሰጠ ምልክት እንጂ መነሻው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የተከበረውን አደን እንይ። በደጋው ልማድ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ፣ አውራሪስ የገደለ ሰው "ግዳይ ጣለ" ይባላል። ቃሉ በጦር ሜዳ ጠላቱን ለገደለም ያው ነው፤ አደንና ውጊያ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ፣ በአንድ ፉከራ የሚቆጠሩ ነበሩ። ገዳዩ ሲመለስ ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፣ በእልልታ ይቀበሉታል፣ ሎቲ ያንጠለጥላል፣ የአንበሳ ጎፈር ይደፋል። የጎንደር ነገሥታትም ወደ ቆላው እየወረዱ ያድኑ ነበር፤ ከ1682 እስከ 1706 የነገሡትን ታላቁን ኢያሱን ጨምሮ በብዙዎቹ ዜና መዋዕል ውስጥ አደን ከዘመቻ ቀጥሎ የንጉሥ ጀግንነት ማሳያ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ አደን ወደ ቤት የሚመጣው ነገር ምን እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የዝሆኑ ጅራት ይመጣል፣ ጥርሱ ይመጣል፣ የአንበሳው ቆዳ ይመጣል፣ የጎሹ ቀንድ ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ ምልክት ነው፤ ሰው አይቶ "ይህ ሰው ገድሏል" የሚልበት ማስረጃ ነው። የዝሆኑ ሥጋ ግን ለጅብና ለአሞራ፣ ወይም ከኋላ ተከትሎ ለመጣ ስም የለሽ ሰው ይቀራል። የገዳዩ ታሪክ አውሬው ሲወድቅ ያበቃል።

ደገኛው የዱር ሥጋ ጨርሶ አይበላም ነበር ማለቴ አይደለም። ሚዳቋና ድኩላ፣ ቆቅና ጅግራ በደጋው ይበላሉ፤ ጎሽም ሰኮናው የተሰነጠቀ የሚያመሰኳ ስለሆነ ሥጋው አይከለከልም። ገበሬው በማሳው ዳር ወጥመድ ዘርግቶ ወይም አሽክላ አጥምዶ ቆቅ ቢይዝ የሚያፍርበት ነገር አልነበረም። ግን ይህ ሰው ቆቅ ባይገኝለትም ጤፉ አለ፣ በሬው አለ፣ የአባቱ ርስት አለ። የዱር ሥጋ ለእሱ የወጡ ማጣፈጫ እንጂ የኑሮው ምሰሶ አይደለም። እንግዲህ አሳፋሪው የዱር አውሬ መብላት ራሱ ሳይሆን በዱር አውሬ መኖር ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የክርክሩ ማጠንጠኛ ይኸው ስለሆነ ወደፊት እመለስበታለሁ።

ለኑሮ የሚደረገው አደን አውሬው ሲወድቅ አያበቃም፤ ያን ጊዜ ይጀምራል። ለዚህ ጥሩ ምስክር ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ነው። በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በቆላው በኩል ወደ ስናር ሲወርድ "አጋጊር" የሚባሉ ዝሆን አዳኞችን አይቶ በ1790 በታተመው መጽሐፉ ገልጿቸዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ። የፊተኛው ፈረሱን እየነዳ ዝሆኑን ያስቆጣዋል፤ የኋለኛው ስል ሰይፍ ይዞ በዘዴ ይወርድና ከበስተጀርባ ቋንጃውን ይቆርጠዋል። ቋንጃው የተቆረጠ ዝሆን መራመድ ስለማይችል በጦር ያልቃል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከዘጠና ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1861፣ በሰቲት ወንዝ ዳር ተመሳሳይ የሰይፍ አዳኞችን አግኝቷል፤ ስለዚህ ብሩስ ያየው የአንድ ቀን አጋጣሚ ሳይሆን ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ሙያ ነበር። ለእኛ ጉዳይ ከሰይፉ ይልቅ የሚጠቅመን ግን ብሩስ ቀጥሎ የጻፈው ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ተነሥቶ እንደ ልጓም ጠፍር በረጅምና በቀጭኑ ይዘለዘላል፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል፣ ያለ አንዳች ጨው እስኪደርቅ ይተዋል፣ ከዚያም ለክረምት ስንቅ ይቀመጣል።

በዚህች አጭር ገለጻ ውስጥ አንድ ሙሉ የኑሮ ሥርዓት አለ። ሥጋው በቀጭኑ የሚዘለዘለው ከመሽተቱ በፊት እንዲደርቅ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ከቀረ ውጪው ሲደርቅ ውስጡ ይበሰብሳል። ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ነፋስ እንዲያገኘውና አውሬ እንዳይደርስበት ነው። ጨው አለመጨመሩም አይደንቅም፤ በዚያ ዘመን ጨው በአሞሌ መልክ ከሩቅ የሚመጣ፣ በገበያ በገንዘብ ፈንታ የሚሄድ ነገር ስለነበር ብዙ ኩንታል ሥጋ ላይ የሚነሰነስ አልነበረም፤ የቆላው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ የጨውን ሥራ ይሠሩ ነበር። ወቅቱም የተመረጠ ነው። በበጋ ሣሩ ይደርቃል፣ አውሬው ወደ ውኃ ይሰበሰባል፣ መንገዱ ክፍት ይሆናል፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ ንዳድ ይነሣል፣ መንገድ ይዘጋል። በበጋ የደረቀው ሥጋ በክረምት ሰውን ያሻግራል። እንግዲህ ዝሆን የሚያህል እንስሳ በዚያ ሙቀት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተዘልዝሎ ካልተሰቀለ ከንቱ ይቀራል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ብቻውን የቆመ ጀግና ሳይሆን ቢላዋ የያዘ ቤተሰብ፣ ሴቱም ልጁም የተሰለፈበት መንደር ነው። ገዳይ አንድ ሰው ነው፤ ቋንጣ ግን የብዙ እጅ ሥራ ነው። ፉከራ የአንዱን ስም ሲያነሣ የብዙው እጅ ተረስቶ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ብዙ ያልሆነ ሐይቅ ነው፤ ዳሩ ረግረግና ደንገል የሞላበት በመሆኑ ለጉማሬ የተመቸ ነው። በዚህ ዳርቻ የሚኖሩት፣ ነገደ ወይጦ የሚባሉት ሰዎች፣ ለዘመናት የኖሩት ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማስገር፣ ከደንገል ታንኳ በመሥራትና የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ ነው። አንድ ትልቅ ጉማሬ ከአሥራ አምስት ኩንታል በላይ ይመዝናል። ከእሱ ሥጋ፣ ስብ፣ ለጋሻና ለአለንጋ የሚሆን ወፍራም ቆዳ፣ እንደ ዝሆን ጥርስ የሚሠራበት ጥርስ ይገኛል። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው የወራት ነው፤ አሮጌው ሲያልቅ አዲስ ይታሰራል፣ ስለዚህ ሠሪው ሥራ አይፈታም። በዳጋ እስጢፋኖስና በክብራን ገብርኤል፣ በናርጋ ሥላሴና በጣና ቂርቆስ የሚኖሩ መነኮሳት፣ እህልና እንጨት የሚያሻግሩ ነጋዴዎች፣ ከባሕሩ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ሕዝብ ሁሉ ኑሮው በታንኳ ላይ የተመሠረተ ነበር። በሌላ አነጋገር የጣና ዙሪያ ኑሮ ካለ እነዚህ ሰዎች ሙያ አይንቀሳቀስም ነበር። ወይጦዎች ከማኅበረሰቡ ውጪ የነበሩ አይደሉም፤ ከመካከሉ ሆነው የተገለሉ ናቸው።

የመገለላቸው ምክንያት ምንድን ነው ቢባል የተለመደው መልስ ሃይማኖት ነው። ክርስቲያኑ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ይጠቅሳል፤ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ወይም የማያመሰኳ እንስሳ ርኩስ ነው፣ ጉማሬም አያመሰኳም። ወይጦዎች እስላሞች ናቸው፤ የአካባቢው እስላምም ጉማሬ ስለሚበሉ እንደ ሙሉ እስላም አይቆጥራቸውም ነበር። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፣ ሰዎቹም ከልባቸው ያምኑበት ነበር። ችግሩ ግን የሚጠቅሱት ምዕራፍ ራሱ የሚያደርጉትን አለመደገፉ ነው። ያው ምዕራፍ የርኩስ እንስሳ በድን የነካ ሰው እስከ ማታ ርኩስ ይሁን ይላል። ዝሆንም አንበሳም በዚያ ሕግ ርኩሳን ናቸው። እንግዲህ ሕጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዝሆን ጅራት ቆርጦ የመጣው ገዳይ ቢያንስ እስከ ማታ መራቅ ነበረበት። የተደረገለት ግን ቅቤና እልልታ ነው። በሌላ በኩል ሕጉ በድኑን የነካውን ሰው የሚያረክሰው እስከ ማታ ብቻ ነው፤ የወይጦ ልጅ ግን ከእናቱ ማኅፀን እስከ መቃብሩ፣ ከዚያም እስከ ልጅ ልጁ የተለየ ሆኖ ቀረ። መጽሐፉ የሰጠው የአንድ ቀን ርኩሰት እንዴት የዘር ርኩሰት ሆነ? ከመጽሐፉ ውጪ ሌላ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ድፍረትና ጥቅም ነው። ዝሆን ገዳይ ለነፍሱ ሳይሳሳ ከአውሬ ጋር ተናንቋል፣ ሰውንና ማሳን ከጥፋት አድኗል፤ ስለዚህ መከበሩ ትክክል ነው ይባላል። ይህም ቢሆን የመለየቱን ምክንያት አይነግረንም። ጉማሬ የቆሰለ እንደሆነ፣ ወይም ግልገል ይዞ እንደሆነ፣ ታንኳን ገልብጦ ሰውን በአንድ ንክሻ የሚቆርጥ አውሬ ነው። ከደንገል በታሰረ ተንሳፋፊ ላይ ቆሞ እሱን መውጋት በፈረስ ላይ ሆኖ ዝሆን ከመውጋት የሚያንስ ድፍረት አይጠይቅም። ጥቅሙም ቢሆን ከዚያ አያንስም፤ ጉማሬ በሌሊት ወጥቶ በዳርቻው ያለውን ሰብል የሚያወድም በመሆኑ አዳኙ የጎረቤቱን ገበሬ ማሳ ይጠብቅ ነበር። በድፍረት ተስተካክሎ፣ በጥቅም ተስተካክሎ፣ በክብር ግን ሰማይና ምድር የሆነ ነገር ካለ ሚዛኑ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ወይጦዎች የተገለሉት በአደናቸው ሳይሆን በክርስቲያን መንግሥት ውስጥ እስላም ስለነበሩ ነው የሚል። እውነትም የጎንደሩ ቀዳማዊ ዮሐንስ በ1668 ባስደረጉት ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኗል፤ በ1678ም ይኸው ተደግሟል። ይህ ግን እስላሙ ጎረቤታቸው ራሱ ለምን እንዳገለላቸው አይመልስም። ከጣና ወጣ ብለን ስናይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጠራል። በከፋ የሚኖሩት ማንጆዎች ጉሬዛ በማደን፣ ጫካ ውስጥ በማጥመድና ማር በመቁረጥ የሚታወቁ ናቸው፤ የከፋ መንግሥት በ1897 በምኒልክ ጦር እስኪወድቅ ድረስ የመንግሥቱን በሮች ይጠብቁ የነበሩትም እነሱ ናቸው። የአገሩ በር የታመናቸው ሰዎች በአገሩ ቤት ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ የተሰጠው ምክንያትም ያው "የማይበላ ይበላሉ" የሚል ነበር። በኦሮሞ መካከል የሚኖሩት ዋታዎችም አዳኞች ናቸው፣ እነሱም ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር፤ በዚያው ኅብረተሰብ ዝሆን የገደለ ጀግና ግን ታላቅ ክብር ነበረው። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ሃይማኖትና ባህል፣ አንድ ውጤት። በአንድ እምነት ሕግ ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም።

ታዲያ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? መሬት አልነበራቸውም። በርስት በሚተዳደር አገር ሰው ማለት ማሳ፣ በሬና የአባት ስም ነው። ግብር የሚከፈለው ከመሬት ነው፤ ክርክር የሚሟገቱት በመሬት ነው፤ ጋብቻ የሚታሰበው መሬት ተቆጥሮ ነው። ለስሙ የሚያድነው ሰው ይህን ሁሉ ይዞ ነው ወደ ዱር የሚወጣው፤ አደኑ ባለው ስም ላይ ስም ይጨምርለታል። ከዝሆኑ ጥርስ ገዥው ድርሻውን ይወስዳል፣ ነጋዴው ያተርፋል፤ ስለዚህ ክብሩ በላይኞቹ ዘንድ ደጋፊ አለው። ለጉሮሮው የሚያድነው ግን ከዱር በቀር ሌላ ደጅ የለውም። ሥጋው በቤቱ ጣሪያ ሥር ደርቆ በቤቱ ይበላል እንጂ ለጌታ የሚቆረጥ ግብር አይወጣውም። ቆዳው ብቻ ገበያ ይወጣል፤ ቆዳውንም ገዢው ሳይጸየፍ ይገዛዋል። ለዚህ ክርክር ትልቁ ድጋፍ ጨርሶ የማያድኑት ሰዎች ዕጣ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ሁሉ "ጠይብ" እየተባለ ተገልሏል፤ እነዚህ ጉማሬ አልበሉም፣ ጉሬዛ አልቀመሱም። በነሱ ላይ የተለጠፈው ምክንያት ቡዳ ነው፣ በአዳኙ ላይ የተለጠፈው ርኩስ ሥጋ ነው። ምክንያቶቹ ይለያያሉ፤ ሰዎቹ ግን የሚመሳሰሉበት ነገር አንድ ነው፤ ሁሉም በእጃቸው እንጂ በርስታቸው የሚኖሩ አልነበሩም።

መገለል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ከቋንቋ ታሪካቸው በላይ የሚያሳይ የለም። ብሩስ በ1770 ገደማ ወይጦዎች በአገሩ ካሉት ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ሰምቶ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስጠራ። ሰዎቹ በስቅላት ሳይቀር ቢያስፈራሯቸው ምንም አልመለሱም። ብሩስ ጥያቄው አልገባቸውም ብሎ አሰበ፤ እኔ ግን ቤተ መንግሥት ተጠርቶ መልካም ነገር ገጥሞት የማያውቅ ሰው ዝምታ ሊሆን ይችላል እላለሁ። በ1907 ጀርመናዊው ምሁር ኦይገን ሚትቮኽ ሲጽፍ ወይጦዎች ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ በዚያ ያለፈው ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል አንድ ሰው ትርጉሙን ራሱ በማያውቀው በጥንቱ ቋንቋ ሲዘፍን ሰምቷል፤ የተረፉት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የቋንቋ ሊቁ ማርሴል ኮኸን በ1939 የግሪዮልን መዝገብ መርምሮ ምንጫቸው ያልታወቀ ስድስት ቃላት ብቻ አገኘ፤ ከነሱ አንዱ የጉማሬ ጭን፣ ሌላው የጉማሬ አከርካሪ፣ ሌላው የዓሣ ቅርፊት ስም ነው። በ1965 አንትሮፖሎጂስቱ ፍሬደሪክ ጋምስት ወደዚያ ሲሄድ በአደንና በዓሣ ሥራ ላይ እንኳ አንድም የቀድሞ ቃል አልቀረም ነበር። የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ሲሞት መጨረሻ የሚቀረው ጸሎት ወይም የዘመድ ስም ይመስለን ይሆናል፤ ከነዚህ የመጨረሻ ስድስት ቃላት ሁለቱ ግን ጉማሬ ሲበለትና ሲከፋፈል የሚጠሩ ናቸው። አደኑ ከግድያ ይልቅ በመበለትና በማካፈል ይኖር እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሙያው ሲያበቃ ቃሉም አብሮት አበቃ።

አደኑ ለምን አበቃ? በዘመኑ ቋንቋ መልሱ "የዱር እንስሳት ጥበቃ" ነው፤ ይህንንም በቅንነት መመለስ ያስፈልጋል። ጉማሬው መጠበቁ ተገቢ ነው። ዛሬ ማንም ጦር ይዞ ወደ ጣና ይመለስ አልልም፤ የሰው ቁጥር በዝቶ፣ የአውሬው መኖሪያ ጠብቦ ሳለ የቀድሞውን አደን መመለስ ጉማሬውን መጨረስ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን በማን ላይ እንደምንጽፍ መጠንቀቅ ይገባል። በጦርና በታንኳ በታደነባቸው በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ጉማሬው ከጣና አልጠፋም። በአገሪቱ የዝሆኑ መንጋ የተመናመነው ወጨፎና ምንሽር ከገባ፣ የዝሆን ጥርስ ንግድ ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ የባለ ስሙ አደን ነበር። ሕጉም የመጣው ይህን አደን ሥርዓት ለማስያዝ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ የአደን ደንብ መጣ፤ በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ተቋቋሙ፣ ተጨማሪ ሕጎችም ተደነገጉ። የእነዚህ ሕጎች መሠረት ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ነው። ዛሬም ከውጭ የመጣ አዳኝ ከፍተኛ ክፍያ ፈጽሞ በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ገድሎ ቀንዱን ይዞ መሄድ ይፈቀድለታል። ለቤቱ ሥጋ የፈለገ የአገሩ ሰው ግን ሕገ ወጥ አዳኝ ይባላል። ይህ ክፍያ የጥበቃውን ወጪ በመሸፈን ረገድ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ይሁን እንጂ የድሮው ሚዛን በአዲስ ልብስ መመለሱን ማየት አያስቸግርም፤ ምልክት ይዞ የሚሄደው ተፈቅዶለታል፣ ሥጋ ይዞ የሚገባው ተከልክሏል።

የዚህ ሁሉ ክርክር ፈተና ከአደኑ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ወይጦዎች የተገለሉት ጉማሬ ስለሚበሉ ብቻ ከሆነ ጉማሬ መብላት ሲቀር መገለሉም መቅረት ነበረበት። ጋምስት በ1960ዎቹ ሲያጠናቸው አደን እየተዉ ወደ እርሻና ወደ ሌላ ሥራ እየተሸጋገሩ ነበር፤ ዛሬ ኑሯቸው ዓሣ ማስገር፣ የደንገል ሥራ፣ ቅርጫትና የቀን ሥራ ነው። መገለሉ ቢቀንስም አልጠፋም። ዳርቻውም እየራቃቸው ሄደ። በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁን ከፍታ መቆጣጠር ተጀመረ፤ ከ2010 ጀምሮ ውኃው በዋሻ ወደ በለስ ይጠለፋል፤ ውኃው የሸሸበትን ዳር ገበሬው አረሰው፤ ባሕር ዳርም ሰፋች፤ ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ውኃውን አለበሰው። ደንገሉ እየሳሳ ሲሄድ ከአደን የተረፈው የታንኳ ሙያም ሥሩ ተነካ። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል፤ ይህ መልካም ነው፣ ነገር ግን ጥብቅ የሚደረገው ወፍና ዓሣ ብቻ ሆኖ ስለ ዳርቻው ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው መሬት አልባ ሆኖ ከቀጠለ ታሪኩ አልተለወጠም ማለት ነው። ሥጋው ቀረ፤ መሬት ማጣቱ ቀጠለ፤ መገለሉም አብሮ ቀጠለ። መለያው ሥጋው፣ ሥሩ መሬት ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

"አዳኝ" የሚለው ቃል በጽሑፍ አንድ ሆኖ በንባብ ሁለት ነው። ሲጠብቅ አውሬ የሚያድነውን ይላል፣ ሲላላ ከሞት የሚያድነውን ይላል። ታሪካችን ገዳዩን እያወደሰ ሲጽፍ ሁለቱን ትርጉም ለእሱ ሰጥቶታል፤ አውሬ የገደለም አገር ያዳነም እሱ ነው። በዛፍ ላይ ሥጋ ዘልዝሎ ክረምቱን ያሻገረው፣ በታንኳው መነኩሴውን ከደሴቱ ያገናኘው፣ ከማሳው ጉማሬ ያባረረው ሰው ግን ሁለቱንም ተነፍጓል። ይህን ማስተካከል ገዳዩን ማዋረድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአደን ታሪክ ስንጽፍና ስናስተምር ከጎፈሩ ጎን ቋንጣውን፣ ከጦሩ ጎን ቢላዋውን መቁጠር ነው፤ ስለ ጣና ዳርቻ ሲመከር ደግሞ የዳርቻውን ልጆች እንደ ድሮው ተጠርተው እንደሚጠየቁ ምስክሮች ሳይሆን ድርሻ እንዳላቸው ባለመብቶች በጉባኤው ማስቀመጥ ነው። በብሩስ ፊት የቆሙት ሁለት ሰዎች ዝም አሉ፤ ልጆቻቸው ግን የምንሰማውን አማርኛ ይናገራሉ።